ስትደገፈው የሚበራ መብራት

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ሞያሌ ላይ ሰው ዓመት ቢጠፋበት አይፈረድበትም። ከወዲያ፣ ከኢትዮጵያው ሞያሌ ብትጠይቁ አንድ ዓመተ ምህረት ይነግሯችኋል፤ ኬላውን ተሻግራችሁ ወደ እኛ፣ ወደ ኬንያው ሞያሌ ስትመጡ ደግሞ ሰባት ስምንት ዓመት አርጅታችሁ ትገኛላችሁ። እኔ በሁለቱ መካከል እየተመላለስኩ ስነግድ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ የትኛው ዓመት ከየትኛው ወገን እንደቀረብኝ አላውቅም። ብቻ ያን ጊዜ ጥርሶቼ ሁሉ በየቦታቸው ነበሩ፤ ሚስት ግን አልነበረችኝም። ከዚህ ተነስታችሁ አስሉት።

ሚስት አልነበረችኝም ስል ፈላጊ አልነበርኩም ማለቴ አይደለም። ማርሳቢት ከተማ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ አቶ ወርቅነህ የሚባሉ ያገሬ ሰው ነበሩ። ጽጌ የምትባል ልጅ አለቻቸው። ሸቀጥ ላመጣ በሄድኩ ቁጥር ከሱቃቸው አንድ ነገር ሳልገዛ አልመለስም ነበር። ቤቴ መስኮቱ አንድ ነው፤ እኔ ግን የሰፈሩን መስኮት ሁሉ የሚሸፍን መጋረጃ ገዝቻለሁ። በመጨረሻ አቶ ወርቅነህ፣ መጋረጃ ይህን ያህል እንደማይወደድ ገባቸው መሰለኝ፣ ጠርተው እንዲህ አሉኝ፦

«ስማኝ ልጄ። አንተን እዚህ አገር ማንም አያውቅህም። እናት አባትህ ሩቅ ናቸው። ወገን አለኝ ካልክ ሽማግሌ ላክ። ሌላም ሰው ልኮብኛል። እስከ እሑድ እጠብቅሃለሁ፤ ከእሑድ በኋላ ለዚያኛው እሺ እላለሁ።»

ሞያሌ ተመልሼ ሽማግሌ ፈለግኩ፤ አላጣሁም። አንዱ አቶ ደምሴ ልብስ ሰፊው ናቸው፤ ዝምተኛ፣ ደግ ሰው። ሁለተኛው ግራዝማች ይልማ ናቸው፤ ግራዝማችነቱን ማን እንደሰጣቸው ባይታወቅም ጥቁር ካፖርታቸውን ሲለብሱ ለመጠየቅ የሚደፍር የለም። መኪናም አላጣሁም፤ አንዲት አሮጌ ፒካፕ ነበረችኝ። ሾፌር ግን አልነበረኝም፤ ራሴ ልነዳ ሆነ። «ሙሽራ ሽማግሌውን ሲሾፍር አይቼ አላውቅም» አሉ ግራዝማች። እኔም አይቼ አላውቅም ነበር፤ ግን ድሃ ብዙ ያልታየ ነገር ያሳያል።

እንግዲህ ሽማግሌ ተገኘ፣ መኪና ተገኘ። የቀረው ችግር ፍየል ነበር።

ከሄሉ ከብት ገበያ አጠገብ ፒካፗን አቁሜ ስኳር ልገዛ ገባሁ። ለሙሽርነቴ ብዬ መብራቶቿን በደንብ ወልውዬ ነበር፤ ወዮልኝ! አንድ ወጠጤ በአጠገቧ ሲያልፍ በቀኙ መብራት ውስጥ ሌላ ወጠጤ አየ። ይሄኛው ጢሙን ሲነቀንቅ ያኛውም ይነቀንቃል። ንቀት መሆኑ ነው። ወደ ኋላ ሸሸት አለና በቀንዱ ነጎደበት። ጠላቱ ተሰብሮ ጠፋ። ዞር ሲል ግን ያ ፈሪ ሮጦ በግራው መብራት ውስጥ ተደብቋል! እሱንም አልማረውም። እኔ ስኳሬን ይዤ ስወጣ ወጠጤው በድል መሃል መንገድ ላይ ቆሟል፤ ባለቤቱ ደግሞ «መኪናህ የፍየሌን ቀንድ ጎዳች» ብሎ ይጠብቀኛል።

በዚያ ዘመን ከሞያሌ ወደ ማርሳቢት መኪና ብቻውን አይሄድም። በሽፍታው ምክንያት ሁሉም ተሰብስቦ፣ ፖሊስ ከፊትና ከኋላ ሆኖ ነው የሚጓዘው፤ ኮንቮይ ይባላል። ኮንቮዩ ዓርብ ጠዋት ይነሳል፤ ዓርብ ካመለጠኝ እሑድም አመለጠኝ፣ ጽጌም አመለጠችኝ ማለት ነው። ኬላው ላይ ደግሞ ሁለት የፊት መብራት የሌለው መኪና አያልፍም። በጠራራ ፀሐይ መብራት ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። የዲዳ ገልገሉን በረሃ አቧራ ያላየ ሰው ነው እንዲህ የሚጠይቅ። እዚያ ቀትር ላይ ከፊትህ ያለው መኪና የሚታይህ ከገጨኸው በኋላ ነው።

በእኛ በኩል የሚሸጥ የመኪና መብራት ጠፋ። ናይሮቢ እንዳልልክ ሩቅ ነው። ወደ ወዲያ ተሻግሬ ሳጠያይቅ አንድ የከባድ መኪና ረዳት ሁለት ያገለገሉ መብራቶች ከጆንያ ውስጥ አወጣ። ዳገት ላይ ከተገለበጠ መኪና የተፈቱ ናቸው።

«ምን ዓይነት መብራት መሰሉህ ጋሼ! መኪናው ሲገለበጥ እንኳ አልጠፉም!» አለኝ።

ለመብራት ትልቅ ምስክርነት መሰለኝ። መኪናውን ለምን ከመገልበጥ እንዳላዳኑት ልጠይቀው አላሰብኩም። በጋቢ ጠቅልዬ፣ እንደ መንታ ሁለቱን ታቅፌ ስሻገር የኬላው ዘበኛ «እግዜር ያሳድግልህ» አለኝ። አሜን ብዬ አለፍኩ።

መቼም አማት ቤት ቀለሙ የተላላጠ መኪና ይዞ አይኬድም። መብራቶቹን ከማስገባቴ በፊት ፒካፗን ራሴ ቀለም ቀባኋት፤ አረንጓዴ፣ ለበር የሚሆን ወፍራም ቀለም። አንዴ ስቀባት ቆንጆ ሆነች። ደገምኳት፤ ውበቷ ባሰ። ሠለስኳት። ብሩሹ የሚደርስበትን ሁሉ፣ የመብራቱን ጎድጓዳ ውስጥ ሳይቀር፣ ብሎኑ የሚገባበትን ቀዳዳ ሳይቀር ለቀለቅኩት። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆመ ሰው የጀመረውን ሲጨርስ እንዲህ ነው።

ከዚያ ጉዮን ጠራሁት። ጉዮ የቦረና ሰው ነው፤ ጎረቤቴ ሆኖ ሬዲዮ ይጠግናል። መኪና ትችላለህ ወይ ስለው «ኦቦ፣ መኪና ማለት ጎማ ያለው ሬዲዮ ነው» አለኝ። አነጋገሩ ልቤን አሳረፈው። ዛሬ ሳስበው ሊያሳርፈኝ አይገባም ነበር።

መብራቶቹ ለፒካፗ ይሰፋሉ፤ የባህታዊ ዓይን አስመሰሏት። ዙሪያውን በከመነዳሪ ቁራጭ ጠቅጥቀን አጠበቅናቸው። ጉዮ ሽቦ ከሽቦ አገናኘና «አብራ!» አለኝ። አበራሁ። በሁለቱም በኩል እንደ ከሰል ፍም ያለ ቀይ ነገር ታየ። ሲጋራ ለመለኮስ ይበቃል፤ ለመንገድ ግን አይበቃም።

«አዲስ ቤት ስለገባ አፍሮ ነው» አለ ጉዮ። «ትንሽ ቆይቶ ይለምዳል።»

እንዲለምድ ጠበቅነው። አንድ ላይ ቆመን ስናየው ወዲያ ማዶ የሚሻገር የከባድ መኪና ሾፌር ቆመና ሳቀ፦

«ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የትልቅ መኪና አምፖል ነው! በሁለት ባትሪ ኃይል የሚበራ ነው፤ ያንተ ፒካፕ ያላት አንድ ነው። ሁለት እንጀራ የለመደ እንግዳ በአንድ እንጀራ ይጫወታል?»

አምፖሎቹን አውጥተን ከፍየሉ የተረፉትን የራሷን አምፖሎች አስገባን። ይኼ ግን የመከራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አልነበረም፤ ምክንያቱም የጉዮ እምነት ቀጠለ። እምነቱ «ቀይ ሽቦ በየትም አገር ቀይ ነው» የሚል ነበር። ስለዚህ ከመብራቱ የሚመጣውን ቀይ ከፒካፗ ቀይ ጋር፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ ጋር አጋባ፤ ጥሩ ጋብቻ ነበር፣ ማንም ሳይጠየቅ የተደረገ መሆኑ ነው እንጂ። መብራቱን ስጫን ክላክሱ ጮኸ። ክላክሱን ስጫን የግራው ፍሬቻ ጠቀሰ። ፍሬን ስረግጥ መስታወት መጥረጊያው ተነስቶ እጅ ነሳኝ። በመጨረሻ ቫልቮላው ተቃጠለ፤ ጉዮ በሲጋራ ፓኬት ብርማ ወረቀት ተካው፤ ከዚያ ሁላችንም ጭሱን ሸሽተን ወጣን።

ሰፈሩ መምጣት ጀመረ። ሞያሌ ላይ የተበላሸ መኪና ማለት ነጻ ቲያትር ነው። አንዱ ባትሪውን ጠርጥሮ ይነቀንቃል፣ ሌላው ቡዳ በልቷት ነው ይላል። ግራዝማች በየጠዋቱ እየመጡ ካፖርታቸውን ሰብሰብ አድርገው «እንዴት ነው? ልጅቷ አገባች?» ይላሉ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በስንት ልመና ክላክሱ ዝም አለ፣ መጥረጊያው ተኛ፣ የግራው መብራት በራ። የቀኙ ግን አልበራም። አምፖሉ ደህና ነው፤ ወደ ግራ ስንወስደው ይበራል። ሽቦው ደህና ነው፤ ጉዮ ምላሱን አስነክቶ ዘሎ አረጋግጧል። ግን አይበራም።

«ኦቦ፣ ይሄ መብራት ያገሩ ናፍቆት አለበት» አለ ጉዮ በመጨረሻ። «እነሱ አገር በቀኝ ነው የሚነዳ። ግራውን እየው፣ ሲበራ እንኳ ወደ ቀኝ ነው የሚያየው። ቀኙ ደግሞ ጭራሽ አኩርፏል።»

እውነትም የግራው መብራት ወደ ቀኝ ያያል። እኛ በግራ ስንነዳ እሱ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ሊያወጣ ነው። ግን ያን ቀን የሌላ ሰው ዓይን አላሳሰበኝም። ነገ ዓርብ ነው። ኩርሲ ላይ ተቀምጬ ጽጌን ለዚያ ለማላውቀው ሰውዬ ስድር ዋልኩ።

ያን ጊዜ ነው ማማ ቻይ የመጣችው። ከሱቄ ፊት ለፊት ሻይ ቤት አላት። ያገራችን ሰው ናት፤ አበሻውም፣ ቦረናውም፣ ፖሊሱም «ማማ ቻይ» ይላታል፤ የሻይዋ እናት እንደማለት ነው። ስሟ ያ አለመሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ስሟ ማን እንደሆነ ግን የጠየቃት የለም። በዚያች ከተማ ከእሷ የሚወፍር የለም፤ ከእሷ በላይ የሚጮኽም የለም። ፔርሙዟን ይዛ መጣችና የፒካፗን ቀኝ ፓራፋንጎ፣ ከመብራቱ በላይ ያለውን የጎማ ክዳን፣ በዳሌዋ ደገፍ ብላ ቆመች።

«አንተ ሰው፣ እንደ ሐዘንተኛ ምን አንገት አስደፋህ? ሙሽራ ነህ ወይስ...»

መብራቱ በራ።

«ማማ ቻይ!» ብዬ ተነሳሁ።

ደንግጣ ብድግ አለች። መብራቱ ጠፋ።

«ተመለሺ!»

«ምን ሆነሃል? ጊንጥ ነው?»

«ደገፍ በይ! እንደ ቅድሙ!»

ደገፍ አለች፤ በራ። ተነሳች፤ ጠፋ። ጉዮ ዞሮ ዞሮ አያት። እሱ ሞከረ፣ አልበራም። እኔ ሞከርኩ፣ አልበራም። ሁለታችን ተደርበን ስንቀመጥበት ጭል ብሎ ጠፋ። ከዚያ አንድ ጆንያ ጨው ጫንንበት፤ በራ! ግን ሞተሩ ሲነሳ ጆንያው ተንሸራቶ የጉዮ እግር ላይ ወደቀ። ደግሞም ጆንያ ፓራፋንጎ ላይ ጭኖ ኬላ የሚቀርብ ሰው «ኑ ፈትሹኝ» ማለቱ ነው። የተደገፈች ባለሻይ ግን ማን ይጠረጥራል? ሁልጊዜ ዓርብ ጠዋት ለኮንቮዩ ሾፌሮች ሻይ ትሸጣለች።

ለመንኳት። ሳቀች፤ ፓራፋንጎው ከሳቋ ጋር ሲነቃነቅ መብራቱም ጥቅሻ አበዛ። «እሺ፣ ነገ ኬላው ላይ እደገፍልሃለሁ። ጉድ እኮ ነው፤ ሰው ሚስት ሊያገባ ሽማግሌ ይልካል እንጂ መብራት ይዞልኝ የሚዞር ሰው ስጡኝ ይላል?»

ዓርብ ጠዋት ተሰለፍን። አቶ ደምሴና ግራዝማች ጋቢና ከጎኔ ተቀምጠዋል። ማማ ቻይ ፔርሙዟን ይዛ በቀኝ ፓራፋንጎ ላይ ተደግፋ ለሰልፈኛው ሻይ ትቀዳለች። ኮርፖራሉ ደረሰና «ታ!» አለኝ፤ በስዋሂሊ መብራት ማለቱ ነው። አበራሁ። ሁለቱም ቦግ አሉ። ኮርፖራሉ ራሱን ነቀነቀ፤ እኔ በሆዴ እልል አልኩ። ሁሉ ነገር አልቆ ነበር፣ ሻይ ባያምረው።

«ማማ፣ ቻይ» አላት።

ፔርሙዙ ባዶ ነው። ሌላው ያለው መሬት ላይ፣ ከወዲያ ነው። ማማ ቻይ እኔን አየችኝ፤ እኔ ሰማይ አየሁ። የፖሊስ ሻይ እምቢ አይባልም። ተነስታ ልትቀዳ ሄደች። የቀኙ መብራት ድርግም አለ።

ኮርፖራሉ መብራቱን አየ። ሻዩን ይዛ መጥታ ስትደገፍ በራ። ኮርፖራሉ እሷን አየ።

«ሶጌያ» አላት፤ ፈቀቅ በይ። ፈቀቅ አለች፤ ጠፋ። «ሩዲ»፤ ተመለሺ። ተመለሰች፤ በራ። ይህን ደጋግሞ አደረገ። እንደ ልጅ ደስ ያለው ይመስለኛል፤ ፊቱ ግን ፍንክች አላለም። ሻዩን ፉት ብሎ ጨረሰና ፍርድ ሰጠ። ማማ ቻይ ወደ አማርኛ መለሰችልኝ፦

«ምን ይላል መሰለህ? ሕጉ የሚለው ሁለት መብራት ይኑረው ነው፤ በምን ይብራ አይልም። ይሄ መኪና ከማማ ጋር ሁለት መብራት አለው፤ ያለ ማማ አንድ ነው። ስለዚህ ያለ ማማ አያልፍም።»

ማርሳቢት የቀን መንገድ ነው። ፊቴ ላይ ምን እንዳየች እግዜር ይወቅ፤ ፔርሙዟን አለቅልቃ ወደ ሻይ ቤቷ አቅጣጫ ጮኸች፤ ሁለቱም ሞያሌ ሰማ፦ «ጉዮ! እሳቱን ጠብቅልኝ! ሬዲዮ እንዳትፈታበት!»

ጋቢናው ግን እሷን ካስገባ ሌላ ሰው አያስገባም። ሽማግሌዎቹ ከኋላ፣ ከጭነቱ ላይ መውጣት ነበረባቸው። አቶ ደምሴ ምንም ሳይናገሩ ወጡ። ግራዝማች ካፖርታቸውን አዩ፣ መንገዱን አዩ። «እኔ ሴት ልጅ ልጠይቅ እንጂ አቧራ ልበላ አልወጣሁም» ብለው በእግራቸው ወደ ከተማ ተመለሱ። እንዲህ ሆኖ ከሁለት ሽማግሌ አንድ ቀረኝ።

በየኬላው ማማ ቻይ ትወርዳለች፣ ትደገፋለች፣ «ታ!» ይባላል፣ እናልፋለን። ዲዳ ገልገሉ ስንደርስ ባንድ ዓይናችን ወደ ቀኝ እያየን፣ ክላክስ እየነፋን ተሻገርን። ማርሳቢት ገብተን የኋላውን ስከፍት አቶ ደምሴን ከጭነቱ ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። ከራስ እስከ እግራቸው አፈር ናቸው። «እንዴት ነዎት?» ስላቸው አፋቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን የለም። አቧራው ጉሮሯቸውን ዘግቶታል። ከአንዱ ሽማግሌዬ የቀረኝ እንግዲህ ምልክቱ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አቶ ወርቅነህ ደጅ ደረስን። ፈላጊው ከሽማግሌ ጋር አይገባም፤ እኔ ውጪ ፒካፗ አጠገብ ቀረሁ። ማማ ቻይ ነጠላዋን አስተካክላ፣ አቶ ደምሴን በክንዳቸው ይዛ ገባች። የልመና ደንብ እንደምታውቁት «ተቀመጡ» እስኪባል ቆሞ ነው። የእሷን ድምፅ ለመስማት መስኮት ሥር መጠጋት አያስፈልግም፤ ሁሉንም ሰማሁ።

«ሽማግሌው አንድ ናቸው እንዴ? ለምን አይናገሩም?» አሉ አቶ ወርቅነህ።

«ስለ ልጅዎ አቧራ በልተው ነው። የሚናገሩትን እኔ እናገራለሁ።»

«ሴት ሽማግሌ ሆና አይቼ አላውቅም።»

«እኔም ሙሽራ ሾፌር ሆኖ አይቼ አላውቅም። ሰሞኑን ሁላችንም ያላየነውን እያየን ነው።»

እኔ ውጪ እጄን የማደርግበት አጣሁ። ስጨነቅ አንድ ነገር መፋቅ ልማዴ ነው። ሴንጢዬን አወጣሁና ከቀኙ መብራት በላይ፣ የማማ ቻይ ዳሌ ቀለሙን ያነሳበት ቦታ ላይ እፍቅ ጀመር። ከሥሩ ራቁቱን ብረት ወጣ። ወረድ ብዬ የብሎኑንም ዙሪያ ፋቅኩት።

ከውስጥ አቶ ወርቅነህ «ይህ ሰው ማን ወገን አለው? ነገ ልጄን ቢያስከፋ የማንን በር አንኳኳለሁ?» አሉ።

«የእኔን! ከሞያሌ እስከዚህ በየኬላው ወርጄ መኪናውን ደግፌ ያመጣሁ እኔ ነኝ። እናቱ ብትኖር ይህን ታደርግ ነበር? መኪናውን እንዲህ የደገፍኩ፣ ትዳሩን የምጥል ይመስልዎታል?»

እኔ ውጪ ብሎኑን አጠበቅኩ። መብራቱ በራ።

ቀና አልኩ፣ ማን ተደገፈው ብዬ። ማንም የለም። ማብሪያውን ከጠዋቱ ሳላጠፋ ወርጄ ኖሯል። በኋላ መካኒክ እንዳስረዳኝ ኤሌትሪክ በሽቦ መጥቶ በመኪናው ብረት በኩል ይመለሳል፤ መመለሻውን ማሳ ይሉታል። መመለሻ የሌለው እንግዳ አይመጣም። ያ ለአማት ብዬ ደጋግሜ የቀባሁት የበር ቀለም ነው መመለሻውን የዘጋው፤ እሷ በክብደቷ ስትጫነው ብሎኑ ቀለሙን ጥሶ ብረት ይነካ ነበር። ጉዮም፣ መብራቱን የሸጠኝ ረዳትም፣ ያ የተሰደበ መብራትም ንጹሕ ነበሩ።

ያን ጊዜ ግን ይህን አላሰብኩም፤ ምክንያቱም ከውስጥ አቶ ወርቅነህ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ለመሆኑ ስምዎ ማነው?» አሉ። እሷም ከነአባቷ ነገረቻቸው። ይህን ያህል ዓመት ፊት ለፊቴ ስትኖር ስሟን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ሳልጠይቃት በመኖሬ እንደ ሌባ አፈርኩ።

«እንግዲህ» አሉ አቶ ወርቅነህ፣ «ተቀመጡ።»

እልልታው ከማን ጉሮሮ እንደወጣ መጠየቅ የለብኝም። ማርሳቢት ተራራው ላይ ያለው ዝንጀሮ ሁሉ የሰማው ይመስለኛል። መብራቱን ቶሎ አጠፋሁ።

ሰኞ በመልሱ ኮንቮይ፣ የመጀመሪያው ኬላ ስንደርስ ገና ሳልቆም በሩን ከፈተች። «ቆይ! ሳልደገፈው እንዳትነካው!» ብላ ወረደችና ፓራፋንጎው ላይ ተመቻቸች። መብራቱ ያለ እሷም እንደሚበራ ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ፊቷን አየሁና ዘጋሁት። እስክትደገፍ ጠብቄ ማብሪያውን ተጫንኩ። በየኬላው እንዲሁ አደረግን። ሞያሌ ስንገባ ያ ኮርፖራል ሰላምታ የሰጠው ለእኔ አይደለም፤ ለእሷ ነው።

ጽጌ ቤቴ ስትገባ ያን ሁሉ መጋረጃ አይታ ሳቀች። እስከ ዛሬም ሳቂታ ናት። ፒካፗን ከሸጥኳት ቆየ፤ መብራቶቹ የት እንዳሉ አላውቅም። ሻይ ቤት ገብተው «ማማ ቻይ» ብለው የሚጠሩ ሰዎች ነበሩ፣ እሳቸውም አቤት ይሉ ነበር። እኔ ግን ከዚያ ቅዳሜ ወዲያ፣ በራቸውን ሳልፍ ቆቤን አውልቄ፣ በሙሉ ስማቸው ነበር የምጠራቸው፦ ወይዘሮ አስካለ ንጉሤ።